ስለ ፈረንሳዩ ቢቢ 12000 ሎኮሞቲቭ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የፈረንሳይ ባቡር ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ፈጣኑ ቴጄቬ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ሌላ ሎኮሞቲቭ ነው። በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ አይሄድም። ዕድሜውን የጨረሰው የብረት ማዕድንና የድንጋይ ከሰል ሲጎትት ነው። ሆኖም ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር የሚንቀሳቀስበት የኮረንቲ ዓይነት ለከባድ ሥራ እንደሚበቃ በተግባር ያሳየው እሱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢቢ 12000 ምንድን ነው?

የፈረንሳይ ብሔራዊ የባቡር ድርጅት (ኤስኤንሴኤፍ) ከ1954 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ነው። ምርቱ እስከ 1961 ቀጥሎ በጠቅላላ 148 ተሠርተዋል። ክብደቱ ወደ 85 ቶን ይጠጋል። ጉልበቱ 2,470 ኪሎ ዋት ነው። ኮረንቲ የሚወስደው ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋ 25 ሺህ ቮልትና 50 ኸርዝ ከሚሸከም ሽቦ ነው። ኸርዝ ተለዋዋጩ ኮረንቲ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም የሚለካበት ነው። ይህ 50 ኸርዝ የሚባለው ቁጥር ዋናው ቁም ነገር ስለሆነ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ቁጥሩና ፊደሉ ምንን ያሳያሉ?

ቦጊ ማለት ከሎኮሞቲቩ ሥር ጎማዎቹንና አክስሎቻቸውን (ጎማ የሚያያይዙትን ዘንጎች) የያዘው ጋሪ ነው። ቢ ማለት ሁለቱም አክስሎቹ በሞተር የሚገፉ ቦጊ ነው። ሁለት እንደዚህ ያሉ ቦጊዎች ስላሉት ቢቢ ተባለ። በእያንዳንዱ ቦጊ ሦስት አክስል ቢኖር ኖሮ ሲሲ ይባል ነበር። በፈረንሳይ አሠራር ከ10 ሺህ በታች የተቆጠረ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ የቀጥታ ኮረንቲ (ዲሲ) ነው። ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ያለው የተለዋዋጭ ኮረንቲ (ኤሲ) ሲሆን፣ ከ20 ሺህ ጀምሮ ያለው በሁለቱም የሚሠራ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ያየ ባቡረኛ ሎኮሞቲቩ የት የት መሄድ እንደሚችል ወዲያው ያውቃል።

“ካውያ” የሚለው ቅጽል ስም ከየት መጣ?

ከቅርጹ። የሾፌሩ ክፍል ያለው ጫፍ ላይ አይደለም፣ መሐል ላይ ነው። ከፊትና ከኋላው ዝቅ ያሉ ረጃጅም አፍንጫዎች አሉት። ከጎን ሲታይ እውነትም የልብስ ካውያ ይመስላል፤ ፈረንሳዮችም እንደዚያው ብለው ጠሩት። አብረውት የተሠሩት ሦስት ዓይነት ሎኮሞቲቮችም ቅርጻቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ስሙ ለአራቱም ቤተሰብ ሆነ።

ቅርጹ ለመልክ የተመረጠ አልነበረም። የጭነት ባቡር በየጣቢያው ፉርጎ ሲቀጥልና ሲያስቀር ይውላል፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሄዳል። ሾፌሩ መሐል ከሆነ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ወርዶ ወደ ሌላኛው ጫፍ መሄድ አያስፈልገውም። ትራንስፎርመሩና ሌላው ዕቃ ደግሞ አፍንጫዎቹ ውስጥ ስለተቀመጠ መካኒኩ ከውጭ በር ከፍቶ ይደርስበታል። ጉዳቱም ግልጽ ነው። ከፊት ያለው ረጅም አፍንጫ ቅርቡን ይጋርዳል፤ ፉርጎ ለመግጠም ሲጠጉ ሾፌሩ ከታች በቆመው ሠራተኛ ምልክት መመራት ነበረበት።

ፈረንሳይ ከዚያ በፊት የኤሌክትሪክ ባቡር አልነበራትም?

ነበራት፤ በደንብ ነበራት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 መንግሥት ለዋና መስመሮች የመረጠው 1,500 ቮልት ዲሲ ነበር። ከፓሪስ ሊዮን ያለው ትልቁ መስመር በ1952 ተጠናቆ ሥራ የጀመረውም በዚሁ ኮረንቲ ነው። ባቡሮቹ ጥሩ ይሄዱ ነበር። ችግሩ ወጪው ላይ ነው።

ቮልቱ ዝቅ ሲል ያንኑ ጉልበት ለማድረስ ብዙ አምፔር ማስተላለፍ ግድ ይላል። አምፔሩ ሲበዛ ሽቦው ይወፍራል፤ ሽቦው ሲወፍር መዳቡም የሚሸከመው ምሰሶም ይከብዳል። ኮረንቲው ሩቅ ሳይሄድ ስለሚዳከም በየ10 እና በየ20 ኪሎ ሜትሩ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይር ጣቢያ ይተከላል። ብዙ ባቡር ለሚመላለስበት መስመር ወጪው ይመለሳል። መካከለኛ ሥራ ላለው መስመር ግን አያዋጣም።

ጀርመን፣ ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ሌላ መንገድ ነበራቸው፦ 15 ሺህ ቮልት ኤሲ። እዚያ ሽቦው ቀጭን ነው። ነገር ግን የዘመኑ ሞተር በ50 ኸርዝ ሲነዳ ብልጭታ ስለሚያወጣና ስለሚቃጠል ድግግሞሹን ወደ 16 ከ2/3 ኸርዝ አወረዱት። ይህ ከከተማው መብራት ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ባቡሩ የራሱ ኃይል ማመንጫ ወይም የራሱ መቀየሪያ ጣቢያ ያስፈልገዋል።

የመሐንዲሶች ምኞት ከሁለቱም የተሻለ ነገር ነበር። ለቤትና ለፋብሪካ ከሚሄደው ከተራው የ50 ኸርዝ መስመር ኮረንቲውን በትራንስፎርመር ብቻ ወስዶ በቀጥታ ባቡር መንዳት። እንዲህ ከሆነ ሽቦው ይቀጥናል፣ ጣቢያዎቹም በ50 እና በ60 ኪሎ ሜትር ሊራራቁ ይችላሉ።

ሐሳቡን ያመነጩት ፈረንሳዮች ናቸው?

አይደሉም፤ ይህን በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። ሃንጋሪያዊው መሐንዲስ ካልማን ካንዶ የነደፈው የ50 ኸርዝ አሠራር በ1930ዎቹ ከቡዳፔስት ወደ ሄግዬሽሃሎም በሚሄደው መስመር ላይ ሥራ ጀምሮ ነበር። ጀርመኖችም በ1936 በደቡብ ምዕራብ አገራቸው በሚገኘው በሆለንታል ተራራማ መስመር 20 ሺህ ቮልትና 50 ኸርዝ መሞከር ጀመሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያ አካባቢ በፈረንሳይ ጦር ሥር ሲወድቅ የፈረንሳይ መሐንዲሶች መስመሩን ቀረብ ብለው አጠኑት።

ከዚያም የራሳቸውን ሙከራ በሳቮዋ ተራሮች፣ ከኤክስ-ሌ-ባን በአኔሲ አድርጎ ላ ሮሽ-ሱር-ፎሮን በሚደርሰው 78 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ በ1950 እና በ1951 ጀመሩ። ነገሩን ከላይ ሆኖ የገፋው የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ሉዊ አርማን ነው። አርማን ራሱ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ የተወለደው ከአኔሲ ብዙም በማይርቀው በክሩዜይ ነው። በሎኮሞቲቮቹ በኩል ደግሞ ትልቁን ሥራ ከሠሩት አንዱ መሐንዲሱ ፈርናን ኑቪዮን ነበር።

የፈረንሳዮቹ ድርሻ ፈጠራው ላይ አይደለም። ሙከራውን ከተራራ ጥግ አውጥተው አገሪቱ በጣም ከምትተማመንባቸው የጭነት መስመሮች አንዱ ላይ ማዋላቸው ነው። ለእኔ ትልቁ ድፍረት ይህ ነው።

ያ መስመር የትኛው ነው?

ከሰሜኑ ቫለንሲየን ተነስቶ በሻርልቪልና በሎንጊዮን በኩል በሰሜን ምሥራቁ የሎሬን ክልል ቲዮንቪል የሚደርሰው ነው። በአንድ በኩል የሎሬን የብረት ማዕድን ወደ ሰሜን ፋብሪካዎች ይሄዳል። በሌላ በኩል የሰሜን ከሰልና ኮክ (ለብረት ማቅለጫ የተዘጋጀ ከሰል) ወደ ሎሬን የብረት ማቅለጫዎች ይመጣል። ሁለቱም አቅጣጫ ጭነት አለው፣ ሁለቱም ከባድ ነው። በ1954 እና በ1955 ክፍል በክፍል ወደ ኤሌክትሪክ ተቀየረ፤ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮቹም ቦታ ለቀቁ። አዲሱ ኮረንቲ እዚህ ቢከሽፍ የሁለት ክልል የብረት ኢንዱስትሪ ይንገዳገድ ነበር።

ለምን አራት ዓይነት ሎኮሞቲቭ በአንድ ጊዜ ተሠራ?

ምክንያቱም የ50 ኸርዝ ኤሲ ሎኮሞቲቩ ላይ ከደረሰ በኋላ ሞተር ጋ እንዴት እንደሚደርስ የተስማሙበት መልስ አልነበረም። መንገዶቹ አራት ነበሩ፤ ድርጅቱም አራቱንም አሠርቶ በአንድ መስመር ላይ አሰማራቸው። ወረቀት ላይ ከመከራከር ሐዲዱ ይፍረድ ማለት ነው።

ቢቢ 13000 ኮረንቲውን እንዳለ ወደ ሞተሩ ይልካል። ሞተሩ 50 ኸርዝን እንዲችል ሆኖ በልዩ መንገድ የተሠራ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ሞተሩ ግን ጣጣው ብዙ ነው፤ በተለይ ከባድ ጭነት ይዞ ሲነሳ። 53 ተሠሩ።

ሲሲ 14100 በሆዱ ውስጥ የሚሽከረከር ትልቅ መቀየሪያ አለው። በኤሲ የሚዞር ሞተር ዲሲ የሚያመነጭ ዳይናሞ ያዞራል፣ ዲሲው የጎማዎቹን ሞተሮች ይነዳል። ከባድና ዝግ ያለ ነው፤ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነበር። ግን ታማኝ ነው። 102 ተሠርተው ለአሥርት ዓመታት ማዕድን ጎተቱ።

ሲሲ 14000 ከሁሉም ረቂቁ ነው። በሚሽከረከር መቀየሪያ ኤሲውን ወደ ሦስት ፌዝ (ተራ በተራ ወደሚፈራረቁ ሦስት ኮረንቲዎች) ይለውጣል፣ ድግግሞሹንም ከፍና ዝቅ እያደረገ ብሩሽ የሌላቸው ሞተሮችን ይነዳል። በዘመኑ መሣሪያ ይህን ማድረግ አስቸጋሪ ነበር፤ 20 ብቻ ተሠርተው ቀድመው ከሥራ ወጡ። ስለዚህኛው ሳስብ አዝናለሁ፤ ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ የመጣው ግን ያለ ጊዜው ነው። ኤሌክትሮኒክስ ሲያድግ ድግግሞሽ እየቀየሩ የሦስት ፌዝ ሞተር መንዳት የዓለም ሁሉ አሠራር ሆነ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ላይ ያሉት የቻይና ሎኮሞቲቮችም የሚሠሩት በዚህ መርህ ነው።

ቢቢ 12000 ደግሞ የሚሽከረከር መቀየሪያ የለውም። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ካወረደ በኋላ ሬክቲፋየር ኤሲውን ወደ ዲሲ ይለውጠዋል። ከዚያ መሐንዲሶች አሳምረው የሚያውቁት የዲሲ ሞተር ሥራውን ይይዛል።

ኢግኒትሮን የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

በመጀመሪያዎቹ ቢቢ 12000ዎች ላይ የነበረው ሬክቲፋየር ነው። አየር የተሟጠጠበት የብረት በርሜል ሲሆን ታች ሜርኩሪ አለው። በእያንዳንዱ የኮረንቲ ዑደት አንዲት ጫፍ ሜርኩሪው ላይ ብልጭታ ታስነሳለች፤ ኮረንቲው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያልፋል። ሙቀቱ ልክ ካልሆነ ያስቸግራል፣ ስለዚህ የማቀዝቀዣው ነገር ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሚንቀጠቀጥ ሎኮሞቲቭ ላይ ፈሳሽ ሜርኩሪ ይዞ መሄድ ብዙዎችን አጠራጥሮ ነበር። ሠራ። በኋላ የሲሊኮን ዳዮድ ሲመጣ የመጨረሻዎቹ ከጅምሩ በእሱ ተሠሩ፤ በሜርኩሪ የተሠሩትም ወደ ዳዮድ ተቀየሩ።

አራቱ ሲወዳደሩ ቢቢ 12000 በምን በለጠ?

በመጨበጥ ኃይሉ። ይህ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል። ከባድ ባቡር ሲነሳ ወይም ሐዲዱ በዝናብ ሲርስ ጎማው ባለበት መሽከርከር ይጀምራል፣ ጉተታውም ይጠፋል። በድሮዎቹ የዲሲ ሎኮሞቲቮች ሲነሱ ሞተሮቹ በተከታታይ ይያያዛሉ። አንዱ ጎማ ሲያመልጥ የእሱ ሞተር የሌሎቹን ቮልት ይወስዳል፣ ይብስ ይፈጥናል፣ ነገሩም ይባባሳል።

ቢቢ 12000 ላይ ሞተሮቹ ጎን ለጎን በትይዩ የተያያዙ ናቸው። ሾፌሩ ደግሞ ቮልቱን ከትራንስፎርመሩ በትንንሽ ደረጃ ይጨምራል። አንድ ጎማ ማምለጥ ሲጀምር የሞተሩ ቮልት አይጨምርለትም። ፍጥነቱ ከፍ ባለ ቁጥር የሚወስደው አምፔር ይወርዳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል፣ ጎማው ተመልሶ ይይዛል። ሾፌሩ ሳይነካው ራሱን ያርማል ማለት ይቻላል።

ውጤቱ መሐንዲሶቹን ራሳቸውን አስደነቀ። አራት አክስልና 85 ቶን ያለው ሎኮሞቲቭ፣ ስድስት አክስልና 126 ቶን ያለው ሲሲ 14100 የተሠራበትን የጭነት ሥራ በአጥጋቢ ሁኔታ ተወጣ። ያውም ሲሲው በ60 በሚቆምበት ቦታ እሱ 120 ይደርሳል። ዛሬ ማዕድን፣ ነገ መንገደኛ መጎተት የሚችል ሎኮሞቲቭ ለባቡር ድርጅት ትልቅ ገንዘብ ያተርፋል። ሌሎቹ ምርታቸው ሲቆም የቢቢ 12000 ትዕዛዝ ግን ቀጠለ።

ሰውም ይጭን ነበር ማለት ነው?

አዎ። በሰሜንና በምሥራቅ ፈረንሳይ የመንገደኛ ባቡሮችን ይጎትት ነበር፤ ከሊል ወደ ስትራስቡር የሚሄዱት ረጅም ባቡሮችም ሥራው ነበሩ። ፓሪስ ከሊልና ከስትራስቡር ጋር በ25 ሺህ ቮልት ስትገናኝ ግን ለፈጣኖቹ ባቡሮች በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ቢቢ 16000 መጣ። ካውያዎቹ ወደሚያውቁት ጭነት አዘነበሉ።

የፍጥነት ሪከርድ አለው?

የለውም። በመጋቢት 1955 በሰዓት 331 ኪሎ ሜትር የደረሰው የዲሲው ቢቢ 9004 ነው። ያኔ ጋዜጦች ሁሉ ስለዚያ ጻፉ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የመጡት የፈረንሳይ የፍጥነት ሪከርዶች፣ የቴጄቬው 380 በ1981 እና 574.8 በ2007 ጭምር፣ የተሰበሩት በ50 ኸርዝ መስመር ላይ መሆኑ ነው። ማዕድን ጎታቹ ያስመሰከረው ኮረንቲ ፈጣኖቹንም ወሰዳቸው።

ከሥራ የወጣው መቼና ለምን ነው?

ማሽኑ ከማርጀቱ ሌላ ሥራውም አብሮት ሞተ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሎሬን ብረት ገበያ አጣ። የአካባቢው ማዕድን የብረት ይዘቱ አነስተኛ ስለሆነ ከባሕር ማዶ በመርከብ ከሚመጣው ሀብታም ማዕድን ጋር መወዳደር አልቻለም። ማቅለጫዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች መተዳደሪያቸውን አጡ። የሎሬን የመጨረሻው የብረት ማዕድን ማውጫ የተዘጋው በ1997 ነው። ካውያዎቹም ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየቀነሱ፣ ቦታቸውን ቢቢ 26000 ለሚባሉት አዳዲስ ሎኮሞቲቮች እየለቀቁ ሄደው የመጨረሻዎቹ በ1990ዎቹ መገባደጃ ላይ ቆሙ። የሎኮሞቲቩን ዕድሜ ከማዕድን ቆፋሪዎቹና ከብረት ሠራተኞቹ ዕድሜ ለይቶ ማውራት አይቻልም።

ሉክሰምበርግም ነበሩ?

ነበሩ። የሉክሰምበርግ ባቡር ድርጅት በ1950ዎቹ መጨረሻ 20 ገዝቶ 3600 በሚል ቁጥር አሰማርቷል። እነሱ ከፈረንሳዮቹም በላይ ቆይተው እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ሠርተዋል።

50 ኸርዝ ከአውሮፓ ውጭ እንዴት ተስፋፋ?

በፍጥነት። በ1955 ሊል ላይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተጠርቶ የቫለንሲየን–ቲዮንቪል ውጤት ቀረበ። በዚያው ዓመት ቱርክ የኢስታንቡልን መስመር በ25 ሺህ ቮልት ከፈተች። ብሪታኒያ በ1956፣ ሕንድ በ1957 ይህንኑ መረጡ። የሕንድ የመጀመሪያዎቹ የዚህ ኮረንቲ ሎኮሞቲቮች የተገዙት ፈረንሳዮች ካሉበት የአውሮፓ ፋብሪካዎች ማኅበር ነው፤ እነሱም በኢግኒትሮን የሚሠሩ ነበሩ። ሶቭየት ኅብረትም ከፈረንሳዩ አልስቶም ሎኮሞቲቭ ገዛች።

ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የቻይና ታሪክ ነው። ቻይና የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ መስመሯን በ1961 ከባኦጂ ወደ ፌንግዡ፣ በቺንሊንግ ተራሮች ላይ ስትከፍት 25 ሺህ ቮልትና 50 ኸርዝ መርጣ ነበር። ለዚያ መስመር 25 ሎኮሞቲቮች ከአልስቶም አስመጣች። የራሷን ሎኮሞቲቮች ስታሻሽልም ከእነሱ ብዙ ተማረች።

እና ይህ ከኢትዮጵያ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ፈረንሳዮች የዘረጉት የድሮው የጅቡቲ መስመር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ግን በኤሌክትሪክ ተነድቶ አያውቅም፤ በእንፋሎት ጀምሮ በናፍጣ ነው የጨረሰው። ድሬዳዋ ሲጠገኑ ከኖሩት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች የአልስቶም ሥራዎች ነበሩበት። ስለዚህ ካውያዎቹ በለገሃር በኩል አልፈው አያውቁም።

ኮረንቲያቸው ግን በሌላ በር መጣ። በ2016 የተመረቀው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በቻይና ደረጃ የተሠራ ነው። የቻይና ደረጃ ደግሞ 25 ሺህ ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የኢትዮጵያ የመብራት መረብም 50 ኸርዝ ስለሆነ የባቡሩ ጣቢያዎች ኮረንቲ የሚያገኙት ከአገሪቱ መረብ በትራንስፎርመር ነው። ለባቡሩ ብቻ ተብሎ ሌላ ኃይል ማመንጫ አልተሠራም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው መስመርም ለዚሁ ኮረንቲ የተነደፈ ነው። በሎሬን የተፈተነው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ከግድብ የሚመጣው መብራት እንዳለ ባቡር ይነዳል። መብራት ሲቋረጥ ባቡሩም የሚጎዳው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከመረቡ ጥቅም ጋር ችግሩንም ይካፈላል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርስ?

እሱ ሌላ ነው፤ በ750 ቮልት ዲሲ ይሠራል። ከተማ ውስጥ ርቀቱ አጭር፣ ባቡሩ ቀላል ስለሆነ ዝቅተኛው ቮልት ይበቃል።

ዛሬ ካውያዎቹን የት ማየት ይቻላል?

አብዛኞቹ ተቆራርጠው ቀልጠዋል። ጥቂቶቹን የባቡር አፍቃሪዎች ማኅበራት አትርፈዋቸዋል። በሎሬን የብረት ቀጠና ውስጥ በሚገኘው በኮንፍላን-ዣርኒ ጣቢያ አንድ ሲሲ 14100፣ ቁጥር 14183፣ ተጠብቆ አለ። ሉክሰምበርግ ደግሞ ቁጥር 3608ን አስቀርታለች፤ ይህኛው የቢቢ 12000 የሥጋ ወንድም ነው። አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች በመስከረም ወር በሦስተኛው ቅዳሜና እሁድ በሚከበሩት የቅርስ ቀናት ሰሞን ብትሄዱ ማኅበራቱ ብዙ ጊዜ በራቸውን ለሕዝብ ይከፍታሉ። ከመሄዳችሁ በፊት የዓመቱን ፕሮግራም እዩ፤ ሥራውን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ በየቀኑ ክፍት አይደለም።